ፍሎረንሶች እርጥብ ልስን ላይ እንዴት ይሥሉ ነበር?

በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕሉ ሸራ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያኗ ከተማ በፍሎረንስ የነበረው ፍሬስኮ፣ ማለትም እርጥብ ልስን ላይ የሚሣለው የግድግዳ ሥዕል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አብሮ ድንጋይ ይሆናል።

ሙያው የሚጀምረው ከኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፤ ውሃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈርሳል፤ ከዚያም ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እንደለበሰ ለወራት ይቀመጣል። ሳይበርድ የቀረ ፍርፋሪ ልስኑ ውስጥ ከገባ፣ በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ሥዕሉን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ለልስኑ 2 እጅ አሸዋ በ1 እጅ ኖራ ይቦካል።

መጀመሪያ ሻካራው ልስን ይመታና በላዩ ላይ ንድፉ በቀይ አፈር ይነደፋል። ግድግዳው በደንብ ካልራሰ የአዲሱን ልስን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ስሱ ልስን ይለጠቃል፤ እሱም በዚያ ቀን ተሥሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው። ይህ የአንድ ቀን ቁራጭ «ጆርናታ» ይባላል። ቀለሙ የሚበጠበጠው በውሃ ነው፣ ሙጫ አይገባበትም። ልስኑ ሲደርቅ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ቀለሙንም በስስ ሽፋን ይቆልፈዋል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ዱቄት ሆኖ በጣት ይነሣል። ማታ ሳይሣልበት የተረፈው ልስን ጠርዙ በሰያፍ ተቆርጦ ይጣላል። ስሕተትንም ማረም የሚቻለው ፈልፍሎ እንደገና በመለሰን ነው። ፍሎረንስ ባለው በብራንካቺ ጸሎት ቤት ሠዓሊው ማዛቾ የሣለው የግብሩ ሥዕል (ክርስቶስ ግብር ሲጠየቅ የሚያሳየው) ከ30 በላይ ቁራጮች አሉት። መብራት ከጎን ሲበራበት መጋጠሚያዎቹ ቁልጭ ይላሉ፤ የኋለኛው ልስን የፊተኛውን ጠርዝ ስለሚደርብ የትኛው ቀድሞ እንደተሣለ ይለያል።

ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ አፈር ከኖራ ጋር ይስማማሉ። አዙራይት የሚባለው ሰማያዊ ግን ልስኑ ከደረቀ በኋላ በሙጫ ወይም በእንቁላል ይቀባ ስለነበር ይላጣል። የድንግል ማርያም መጎናጸፊያ በየግድግዳው ተራቁቶ የሚታየው በዚህ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል። ከእርሳስ የሚሠራው ነጭ ደግሞ ይጠቁራል፤ በጣሊያን አሲሲ ከተማ ያሉት የሠዓሊው የቺማቡዌ ሥዕሎች ብርሃኑ ጥላ፣ ጥላው ብርሃን የሆነባቸው ለዚህ ነው።

ባለገንዘቦቹ ቀለሙን ለይተው ይዋዋሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1485 ሠዓሊው ጊርላንዳዮ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ለነበረው ለኢኖቼንቲ የመሠዊያ ሥዕል ሲዋዋል፣ በእንጨት ሰሌዳ የሚሣል ነበርና፣ ሰማያዊው አንዱ ወቄት ወደ 4 ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ) የሚያወጣ እንዲሆን ተጽፎበታል። የሙሉው ሥዕል ዋጋ 115 ፍሎሪን ነበር። በዚያው ዓመት ባንከኛው ጆቫኒ ቶርናቧኒ ለሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሎት ቤት ፍሬስኮ 1,100 ፍሎሪን ተዋዋለ። የሰብአዊ ትምህርት ሰው የነበረው አልቤርቲ ግን ቀደም ብሎ በ1435፣ ወርቅን በቀለም አስመስሎ መሣል እውነተኛ ወርቅ ከመለጠፍ ይበልጥ እንደሚያስመሰግን ጽፎ ነበር። እኔ የዘመኑን ለውጥ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍያው ቀስ በቀስ ከቀለሙ ወደ ሠዓሊው እጅ ሄደ።

ሊዮናርዶ ይህ የኖራ ጥድፊያ አልተመቸውም። እያረመና እየደራረበ መሥራት ስለፈለገ የመጨረሻውን እራት ከ1495 እስከ 1498 ሚላን ውስጥ በደረቅ ግድግዳ ላይ በእንቁላልና በዘይት ሣለው። የግድግዳው እርጥበት ቀለሙን ከሥሩ ያላቅቀው ጀመር፤ በ1517 ያየው መንገደኛ መበላሸቱን ጽፏል። የመጨረሻው እድሳት ብቻውን ከ1978 እስከ 1999 ፈጀ።