«ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር»፦ ከኤስ ሞገድ ጋር የያዝኩት ግብግብ የት ደረሰ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ዝርዝሩን የተከታተላችሁ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መጠኑ ይወጣል ይወርዳል፤ ጥልቀቱ ግን 10 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ አሁንም 10 ኪሎ ሜትር። ይህ ቁጥር በአብዛኛው ልኬት አይደለም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ርዕደቱ ከላይኛው የመሬት ቅርፊት መሆኑን ሲያውቅ፣ ጥልቀቱን ግን ከመረጃው ማውጣት ሲያቅተው፣ የሚያስቀምጠው ቋሚ ቁጥር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ቋሚው 33 ነበር። ስለዚህ 10ን ስታዩ «አልታወቀም» ብላችሁ አንብቡት።

ይህ የሂደት ማስታወሻ ያንን 10 በእውነተኛ ቁጥር ስለመተካት ነው። ደስ የሚለው፣ በቅርብ ጣቢያዎች የተመዘገቡ ትናንሽ ርዕደቶችን በእጅ አንብቤ ሳሰላ፣ ስሌቱን ከ3፣ ከ8 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር ባስጀምረውም አብዛኞቹ አሁን አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ይህን ፈተና ያላለፈ ጥልቀት ገደል ማሚቶ ነው፤ መነሻ ግምታችሁን መልሶ ይነግራችኋል። የሚያናድደው ደግሞ እዚህ ለመድረስ ትልቅ ሒሳብ አለማስፈለጉ ነው። ያስፈለገው የኤስ ሞገድን (ከፈጣኑ የፒ ሞገድ በኋላ የሚደርሰውን) መነሻ በትክክል ማንበብ፣ ማለትም የደረሰበትን ሰዓት መለየት፣ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ቶሎ ልለፋቸው። መረጃውን በሚኒሲድ (የርዕደት ቅጂ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ማውረድ፣ ኦብስፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ መክፈት፣ ሦስቱን ቻናሎች (አንድ የቁም፣ ሁለት የአግድም) ጎን ለጎን መደርደር፣ ፒን (ቀድሞ የሚደርሰውን ሞገድ) በቁሙ ላይ ማንበብ፤ ይህ ሁሉ በሳምንታት የሚለመድ ነው። በትምህርት ቤት የምናውቀው በሦስት ጣቢያዎች ዙሪያ ክብ ስሎ መገናኛውን መፈለግ ለማስተማሪያ ያምራል፣ ለሥራ ግን አይሆንም፤ ክቦቹ ከመሬት በታች ያለውን ርቀት እንደ ገጸ ምድር ርቀት ስለሚቆጥሩ ጥልቀት ያለው ርዕደት ላይ አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ቶሎ ወደ ጋይገር ዘዴ ተሻገሩ። ሉድቪግ ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው ሐሳብ ነው፦ ግምት ይዞ መነሳት፣ በተነበበውና በተሰላው ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ማየት፣ ግምቱን ማስተካከል፣ መድገም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሥራቸው ይኸው ነው።

ፊልተር (ከመረጃው ላይ ጩኸት የሚቀንሰው ማጣሪያ) ላይ ግን ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ንባብ የሚበላሸው እዚያ ነው። ከየቦታው የሚቀዳ ኮድ ውስጥ «ዜሮፌዝ» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ በርቶ ይገኛል። እንዲህ ያለው ፊልተር መረጃውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። የሞገዱ ቅርጽ ቦታውን አይለቅም፤ ጉልበቱ ግን ከመነሻው በፊት ወዳለው ጸጥታ ይፈስሳል፤ ያልደረሰ ሞገድ የደረሰ ይመስላል። ለንባብ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውን ተጠቀሙ፣ ከ1 እስከ 10 ሄርዝ ይበቃል። የምታነቡት ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ፊልተሩን አጥፍታችሁ ጥሬውን እዩት። እኔ ጥሬውን የማየት ልማድ የያዝኩት ዘግይቼ ነው፤ ቀድመው የተነበቡትን ሁሉ እንደገና ማንበብ ግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጥልቀት ለምን ያስቸግራል? ያልታወቁት አራት ናቸው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀት እና የተነሳበት ሰዓት። ጣቢያዎቹ ሩቅ ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። በቁጥር እንየው። የፒ ፍጥነት በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ይሁን። በ60 ኪሎ ሜትር አግድም ርቀት ላይ ያለ ጣቢያ፣ ርዕደቱ 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን ሞገዱ 60.2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን 60.8። ልዩነቱ 0.1 ሰከንድ ነው፤ ይህ ከንባብ ስህተት ብዙም አይለይም። ያው ጣቢያ በአግድም 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ግን መንገዱ ከ7.1 ወደ 11.2 ያድጋል፤ ልዩነቱ ወደ 0.7 ሰከንድ ይደርሳል። ስለዚህ አግድም ርቀቱ ከጥልቀቱ ብዙም የማይበልጥ ቢያንስ አንድ ጣቢያ ከሌላችሁ ጥልቀት አላችሁ አትበሉ። ሃምሳ ሩቅ ጣቢያ አንድ ቅርብ ጣቢያን አይተካም።

ታዲያ ያ አንድ ቅርብ ጣቢያ ሁሉንም ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። ኤሱ እዚያ ላይ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። የፒ ፍጥነት 6፣ የኤስ ደግሞ 3.46 ከሆነ የኤስ እና የፒ ልዩነት እያንዳንዱ ሰከንድ 8.2 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ እውነተኛው ርቀት 7.1 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ኤሱን 0.3 ሰከንድ ቀድማችሁ ብታነቡት ርቀቱ 4.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣቢያው ግን በአግድም ብቻ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል! ፕሮግራሙ ይህን ለማስታረቅ ርዕደቱን ወደ ላይ እየጎተተ ገጸ ምድር ላይ ይለጥፈዋል። በውጤት ዝርዝራችሁ ውስጥ «ጥልቀት 0.0» የሚሉ መስመሮች ከበዙ ፕሮግራሙን ከመርገማችሁ በፊት ኤሱን ፈትሹ።

0.3 ሰከንድ ቀድሞ ማንበብ የሰነፍ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ጣቢያው ደለል ላይ የተተከለ ከሆነ ተፈጥሮ ራሷ ወጥመዱን ታዘጋጃለች። ኤስ ከታች መጥቶ ጠንካራውን ዐለት ለቆ ደለሉ ውስጥ ሲገባ ከፊል ጉልበቱ ወደ ፒ ይለወጣል። ያ የተለወጠ ሞገድ ደለሉን በፒ ፍጥነት ስለሚያቋርጥ ከእናቱ ኤስ ቀድሞ ይደርሳል። ደለሉ 300 ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ፒ በውስጡ በሰከንድ 1.8፣ ኤስ ደግሞ 0.6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ፒ ለማቋረጥ 0.17 ሰከንድ፣ ኤስ 0.50 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ልዩነቱ 0.33 ሰከንድ። ልክ ጥልቀትን ለማጥፋት የሚበቃውን ያህል።

የሚለይበት ምልክት አለው። የተለወጠው ሞገድ ፒ ስለሆነ ደለሉ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ጎልቶ የሚታየው በቁም ቻናል ላይ ነው። ስለዚህ ቁሙ ላይ ያማረ፣ ስለታም መነሻ አይታችሁ አግድሞቹ ላይ ያው ሰዓት ጭር ካለ፣ ያ ኤስ አይደለም፤ ትንሽ ጠብቁ። ከዚህ የሚሻለው ግን ቻናሎቹን ማዞር ነው። ሰሜን እና ምሥራቅን ወደ ራዲያል (ከርዕደቱ ወደ ጣቢያው በሚወስደው አቅጣጫ) እና ትራንስቨርስ (ለዚያ አቅጣጫ ቀጤ ነክ በሆነው) ቀይሩና ኤሱን ትራንስቨርሱ ላይ አንብቡ። ንብርብሮቹ ጠፍጣፋ እስከሆኑ ድረስ የጎንዮሽ የሚወዛወዘው ኤስ ወደ ፒ መለወጥ አይችልም፤ ትራንስቨርሱ ላይ ቀዳሚ አስመሳይ አይኖርም ማለት ነው። ለማዞር አቅጣጫ ያስፈልጋል፣ አቅጣጫ ለማወቅ ደግሞ ቦታው መታወቅ አለበት፤ ችግር የለውም፣ በፒ ብቻ ግምታዊ ቦታ አውጡ፣ አዙሩ፣ ኤሱን አንብቡ፣ እንደገና አስሉ። ሁለት ዙር ይበቃል። ሴንሰሩ ሲተከል ሰሜኑ በትክክል ወደ ሰሜን ካልዞረ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስንጥቅ በበዛበት ዐለት ውስጥ ደግሞ ኤስ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ፈጣኑና ዘገምተኛው በ0.1 ሰከንድ ገደማ ሊለያዩ ይችላሉ፤ እዚያ ላይ ሁለቱንም አግድሞች እዩና የቀደመውን ያዙ።

ንባቡን ለመመርመር የምወደው መሣሪያ የዋዳቲ ሥዕል ነው። ጃፓናዊው ኪዮ ዋዳቲ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተጠቀመበት ነው። (ሪክተር ለመጠን ስኬሉ መነሻ የሆነውን ሐሳብ ያገኘው ከዚሁ ሰው ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ያን ያህል አልተነሳለትም።) አሠራሩ ቀላል ነው። በአግድሙ መስመር የፒ መድረሻ ሰዓት፣ በቁሙ የኤስ እና የፒ ልዩነት። ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ነጥብ። የፍጥነት ሞዴል አያስፈልግም፣ ቦታ አያስፈልግም፤ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ለምሳሌ ርዕደቱ በ8.0ኛው ሰከንድ ተነሳ እንበል። ፒ አራት ጣቢያዎች ላይ በ10.5፣ 13.0፣ 16.0 እና 19.0 ደረሰ፤ ልዩነቶቹ 1.83፣ 3.65፣ 5.84 እና 8.03 ናቸው። ነጥቦቹ አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ ስሎፑ (የመስመሩ ዝንባሌ) 0.73 ነው። ያ ማለት ፒ ከኤስ 1.73 እጥፍ ይፈጥናል። መስመሩን ወደ ታች ዘርጉትና አግድሙን የሚቆርጠው በ8.0 ላይ ነው፤ የተነሳበት ሰዓት ያለ ምንም ፕሮግራም ተገኘ። አሁን አራተኛው ጣቢያ ላይ ኤስን 0.33 ሰከንድ ቀድማችሁ ብታነቡ ነጥቡ 7.70 ላይ ይወርድና ከመስመሩ ወጥቶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ስሎፑ ከ0.70 እስከ 0.78 ከሆነ እቀበለዋለሁ። ከ0.6 በታች ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው የራሴን ንባብ ነው። ከ0.8 በላይ ሲሆን ከታች ፈሳሽ ወይም ቅላጭ ዐለት ሊኖር ይችላል፤ እሳተ ገሞራ አካባቢ ይህ ያጋጥማል፤ ግን «ማግማ አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት ንባቡን ድገሙት።

ሌላው ጥቅሙ ሰዓቱን ማነጻጸር ነው። ፕሮግራሙ የሰጣችሁ የመነሻ ሰዓት እና የዋዳቲው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ከተለያዩ፣ ወይ ጥልቀቱ ወይ የፍጥነት ሞዴሉ ስህተት አለበት። ይህን ንጽጽር ሳላደርግ የማስቀምጠው ውጤት የለም።

ግን ዋዳቲን ከልክ በላይ ማመን ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህንን መናዘዝ አለብኝ። ሥዕሉ የሚያጋልጠው ከሌሎቹ የተለየውን ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ደለል ላይ ከተቀመጡና ሁሉም ኤሶች በ0.33 ሰከንድ ቀድመው ከተነበቡ፣ መስመሩ እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። ስሎፑ ያው 0.73፣ ነጥቦቹ ያው ቀጥ ያሉ፤ ሥዕሉ ለግድግዳ የሚሰቀል ነው። አግድሙን የሚቆርጥበት ግን ወደ 8.45 ሄዷል። ርዕደቱ ዘግይቶ የተነሳ ይመስላል፤ ዘግይቶ ከተነሳ መንገዱ አጭር ነው፤ መንገዱ አጭር ከሆነ ጥልቀቱ ያንሳል። ማለትም ንጹሕ ሥዕል ይዞ የተሳሳተ ጥልቀት ማውጣት ይቻላል። መፍትሔው ቢያንስ አንድ ዐለት ላይ የተተከለ ጣቢያ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እሱ ብቻውን ከመስመሩ በላይ ሲወጣ እሱን እንደ ጥፋተኛ አትጣሉት።

አነስተኛ ሬዚዱዋልም (በተነበበውና በተሰላው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት) እንዲሁ አያታልላችሁ። አራት ንባብ ለአራት ያልታወቁ ነገሮች ስትሰጡ ልዩነቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን የሚቃወም መረጃ ስለሌለ። ጣቢያዎቹ በዙሪያው ካልተበተኑና በመካከላቸው ያለው ባዶ ክፍተት ከ180 ዲግሪ ከበለጠ ኤፒሴንተሩ (ከርዕደቱ በላይ ያለው የገጸ ምድር ነጥብ) ራሱ ይንሸራተታል። ለፒ 0.05፣ ለኤስ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ የስህተት ግምት ስጡ፤ ለሁለቱ እኩል ክብደት መስጠት ኤሱን ያለ ልኩ ማመን ነው።

ስለ አውቶማቲክ አንባቢዎች ጠንካራ አስተያየት አለኝ፤ የማይስማማ ይኖራል። ፌዝኔት እና ኢኪውትራንስፎርመር ድንቅ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ ቀን ሺህ ርዕደት ሲመጣ ሰው በእጅ አይዘልቀውም። ነገር ግን ፌዝኔት የሰለጠነው በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰዎች ባነበቡት መረጃ ነው፤ የሚጠብቀውም በሰከንድ 100 ናሙና ነው። የ50 ናሙና መረጃ ሳትቀይሩ ብትሰጡት ያለ ቅሬታ ያነብላችኋል፤ ያነበበው ግን አይታመንም። ቁሙ ላይ ያለውን የተለወጠ ሞገድ ኤስ ብሎ ሲያነብም «እርግጠኛ ነኝ» ሊል ይችላል። መጀመሪያ መቶ ሁለት መቶ ርዕደት በእጅ አንብቡ፤ ከዚያ ማሽኑን ስታርሙት ምን እንደምታርሙ ታውቃላችሁ። እኔ ራሴ ለፒ ማሽኑን እጠቀማለሁ። ለኤስ፣ ቅርብ ጣቢያ ላይ፣ በፍጹም።

ጥልቀት ስታወዳድሩ ከየት እንደተለካ መጠየቅም አትርሱ። ከቦታ ማስሊያ ፕሮግራሞቹ ሃይፖ71 የጣቢያ ከፍታን በስሌቱ አይጠቀምም፤ ኖንሊንሎክ ግን ከባሕር ወለል ይነሳል። መሬቱ ከባሕር በላይ 1000 ሜትር ከሆነ በኖንሊንሎክ 4 የሚባለው ከእግራችሁ በታች 5 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን የያዝኩት የየጣቢያውን ደለል ከጩኸት መገመት ነው። ምንም ርዕደት በሌለበት ሰዓት የአግድሙን ስፔክትረም (ጉልበቱ በየድግግሞሹ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን) ለቁሙ አካፍሉ፤ ጫፉ የሚወጣበት ድግግሞሽ የኤስ ፍጥነት በአራት እጥፍ ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከላይ ላለው 300 ሜትር ደለል 0.5 ሄርዝ ይሆናል። መሣሪያችሁ የ4.5 ሄርዝ ጂኦፎን ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ታች የምታዩት ጫፍ የመሬቱ ይሁን የመሣሪያው የራሱ ጩኸት ለመለየት ይከብዳል፤ ለዚህ ሥራ ብሮድባንድ (ዝቅተኛ ድግግሞሽንም በደንብ የሚመዘግብ ሴንሰር) ተዋሱ።