ስሙ ያልተመዘገበው በሽተኛ

በእኛ የካቶሊክ ደናግል ቤት ከመኝታ ጸሎት በኋላ፣ እስከ ማለዳ የማንነጋገርበት ታላቁ ጸጥታ ይጀምራል፤ ስልኮችም ሁሉ በአለቃችን ቢሮ ተቆልፎባቸው ያድራሉ። ምጥ የያዛት እናትም ሆነች ትኩሳት ያጣደፈው ሕፃን ሰዓት አይመርጡምና የክሊኒኩ ስልክ ብቻ ከዚህ ነጻ ነው። ነርስ በመሆኔ እርሱን ይዤ የማድረው እኔ ነኝ።

የሰበካችን ቅዳሴ በግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ የዐቢይ ጾምን ሳምንታት በስማቸው እንጠራለን። ነገሩ የሆነው በመፃጉዕ ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ ነው። ዕለቱን የማልረሳው በማክሰኞ የመኝታ ጸሎት ከጴጥሮስ መልእክት «በመጠን ኑሩ፣ ንቁም» የሚለው አጭር ንባብ ስለሚነበብና ያን ምሽት ያነበብኩትም እኔው ስለነበርኩ ነው። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ፣ አብራኝ ኖቪስ (ለምንኩስና የምትዘጋጅ እህት) ከነበረችና በኋላ ወጥታ ውጭ አገር ትዳር ከመሠረተች ጓደኛዬ ጋር በክሊኒኩ ስልክ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስጻጻፍ ቆየሁ። ክፉ ነገር አልተጻጻፍንም። የልጇን ፎቶግራፍ ላከችልኝ፤ ደጋግሜ አየሁት። ነገር ግን ፈቃዱ የተሰጠኝ ለበሽተኛ እንጂ ለናፍቆቴ አልነበረም፤ ጾሙ ከገባ ወዲህም ይህ ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር።

በማለዳ፣ ደወሉን የሚደውሉትና ከእኔ በፊት በዚያው ክሊኒክ በነርስነት ያገለገሉት አረጋዊት እህታችን በጸሎት ቤቱ ደጃፍ አገኙኝ።

«ልጄ፣ መብራትሽን አየሁት። ሌሊት በሽተኛ ነበረን?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ምስኪን! ስሙን ንገሪኝ፣ በጸሎቴ ላስበው።»

እውነቱን ለመንገር ያን ጊዜም ዕድል ነበረኝ። አጠያየቃቸው የተቆጣጣሪ አልነበረም፤ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ጠምጥመው ስሙን ብቻ ይጠብቁ ነበር። «ስሙን አልጠየቅሁትም» አልኳቸው። ስምና ዕድሜ ሳይመዘገብ በሽተኛ እንደማይታይ እኔም እርሳቸውም እናውቃለን። «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ገቡ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የምልጃው ተራ ሲደርሳቸው «ማክሰኞ ሌሊት ለመጣው፣ ስሙን ለማናውቀው በሽተኛ» ይላሉ፤ ሁላችንም «ጸሎታችንን ስማ» ብለን እንመልሳለን። እኔም እመልሳለሁ። በማዕድ ሰዓት ደግሞ በእምነታቸው ጸንተው፣ በሰንሰለት እንደታሰሩ በ1855 እ.ኤ.አ. ያረፉት የብፁዕ ገብረ ሚካኤል ታሪክ ይነበብልን ነበር፤ እርሳቸውን ሰንሰለት እንኳ አላስካዳቸውም፣ እኔን ግን አንድ ጥያቄ አስዋሸኝ እያልኩ ምግቡ አልዋጥልህ አለኝ። በደብረ ዘይት እሑድ «ማንም እንዳያስታችሁ ተጠንቀቁ» ሲባል ስሰማም፣ እኔን ያሳተኝ ሌላ ሰው እንዳልነበረ አውቅ ነበር። እንዲህ 12 ማለዳ አለፈ።

በገብር ኄር እሑድ «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለው ወንጌል ተነበበ። ከቅዳሴ በኋላ ተናዘዝኩ፤ ከዚያም አረጋዊቷን ፍለጋ ሄድኩ። ወጥ ቤት በሰፌድ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው መልቀሙን አላቆመም።

«መዝገቡ ላይ ስም ፈጥረሽ ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም።»

«ደግ አድርገሻል» አሉና አንዲት ጠጠር አውጥተው ወረወሩ። ሌላ አልተናገሩኝም። ጸሎቱ ያበቃል ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ማለዳ ግን «ማክሰኞ ሌሊት ለመጣው፣ ስሙን ለማናውቀው በሽተኛ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አንድ ቃል አልለወጡም። ከመጀመሪያው ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠየቅኋቸውም።

ስልኩን ሌላ እህት እንድትይዘው አለቃችንን ለመንኳት። ነርስ እኔ ብቻ እንደሆንኩ አስታውሳኝ እምቢ አለች። ፈተናዬ ከአልጋዬ ራስጌ እንዲያድር መፈረዱ ያን ጊዜ ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬም አልቀለለኝም።

በኒቆዲሞስ ሳምንት አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ አመጡልን፤ መዝገቡን ገልጬ ስሟን ጻፍኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተገላገለች። ደሙን ከእጄ ታጥቤ ወደ ጸሎት ቤት ስሄድ አረጋዊቷ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ሳይጠይቁኝ የእናቲቱን ስም ነገርኳቸው።

ያን ማለዳ ሁለት በሽተኞችን አሰቡ።