«መድኃኒቱን አስጥዪው» ላላችሁኝ ዘመዶቼ

ለጥምቀት ከወንድሜ ጋር ጎንደር ልንሄድ መሆኑን የሰማ ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ሰጠኝ። «እሰይ! ጸበሉን ይጠመቅ። ያንን መድኃኒት ግን ያቁም፤ በሱስ ላይ ሱስ ነው።» መድኃኒቱ ቡፕረኖርፊን ይባላል፤ ከዕፅ ሱስ እንዲላቀቅ ሐኪም ያዘዘለት ነው። ዘመዶቼ ክፋት የለባቸውም፤ ስለሚወዱት ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ስለምወደው ነው። እንድጽፍ እሱም ፈቅዶልኛል።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ወንድሜ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡን ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ኦክሲኮዶን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ወገቡ ሲሻለው ኪኒኑ አልለቅ አለው። ማዘዣው ሲቆምበት ከመንገድ መግዛት ጀመረ። የመንገዱ ኪኒን መልኩ የፋርማሲውን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ ፈንታኒል ነው። ፈንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ገደማ ይበረታል። በ2021፣ በ2022 እና በ2023 አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው ከመጠን ባለፈ ዕፅና መድኃኒት ሞቷል፤ አብዛኛው በኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ኦክሲኮዶን፣ ፈንታኒልና ሄሮይን ባሉት ነው። ከእኛም ልጆች የሄዱ አሉ። ለቅሶ ቤት ግን «በድንገት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ቡፕረኖርፊን የጀመረበትን ሌሊት አልረሳውም። ሐኪሟ አጥብቃ የነገረችው እንዳይቸኩል ነው። የቀደመው ዕፅ ከሰውነቱ ሳይቀንስ ከወሰደው፣ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ገፍቶ ቦታውን ይይዝና ሕመሙ ይብስበታል። ስለዚህ ጠበቀ። ያዛጋል። አፍንጫው ይፈስሳል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ የክንዱ ጸጉር ቆሟል። ሊነጋጋ ሲል ያቺን ስስ ቅጠል የመሰለች መድኃኒት ከምላሱ ሥር አደረገ። ፀሐይ ስትወጣ ተኝቶ ነበር።

«በሱስ ላይ ሱስ» ለምትሉኝ፣ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ዕፁ ላይ ሳለ ቀኑ ሙሉ ኪኒን ፍለጋ ነበር። አሁን በጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባል፤ ቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ ለእናታችን ይደውልላታል። ቡፕረኖርፊን አንጎል ላይ እንደ ዕፁ ይሠራል፣ ግን በከፊል ብቻ ነው፤ አምሮቱን ያስታግሳል፣ ለለመደ ሰው ግን አያሰክርም። ይህንና ለዚሁ ሱስ የሚሰጠውን ሌላ መድኃኒት፣ ሜታዶንን፣ የሚወስዱ ሰዎች የመሞት አደጋቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2005 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ዘመዶቼ እንዲገባችሁ የምለምናችሁ ግን ይኼን ነው። ዕፅ ያቆመ ሰው ሰውነቱ መልመዱን ይረሳል። ድሮ ይችለው የነበረው መጠን አሁን ይገድለዋል። ወንድሜ ጎንደር አንድ ወር ያለ መድኃኒት ከርሞ፣ «ዳነ» ተብሎ እልል ተብሎለት ሜሪላንድ ቢመለስ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ሰሞን ነው።

መድኃኒት ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። ከሱስ አማካሪ ጋር መነጋገሩም ሕይወቱን ይዞለታል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ቋንቋ ፈተነን። መጀመሪያ የመጣው አስተርጓሚ የምናውቀው ሰው ነበር። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነኝ» ብቻ እያለ ወጣ። በኋላ በስልክ፣ ከሌላ ግዛት የሆነ የማያውቀው አስተርጓሚ ተገኘለት። ያን ቀን ነው የተናገረው። አማካሪዋ «ከሳምንቱ የትኛው ሰዓት ይከብድሃል?» አለችው። እሁድ ማታ ነው አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ልጆቹ ሲገባ፣ እሱ ባዶ ክፍል ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ማታ እራት እኛ ቤት ነው። አማካሪዋ ዶሮ ወጥ አላዘዘችም፤ ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት ግን በስሙ እንዲጠራው አደረገችው።

መድኃኒቱን ከነፋርማሲ ዕቃውና ከሐኪም ደብዳቤው ጋር ይዘን፣ ማስገባት እንደሚፈቀድ አስቀድመን ጠይቀን ጎንደር ገባን። ማራኪ ሰፈር፣ አክስታችን ቤት ቡና ተፈልቷል። ወንድሜ ቅጠሏን ከምላሱ ሥር አድርጎ ዝም ብሏል፤ እስክትሟሟ አይወራም፣ አይጠጣም። አክስታችን አቦሉን ይዛ «ምነው ልጄ፣ አኮረፍከኝ?» አለችው። በእጁ «ቆይ» አላት። ስትሟሟለት በውኃ ተጉመጠመጠና ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። እኔ ያሰብኩት ለቅሶ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ ሰዓቷ ስንት ነው? እንዳታልፍህ እኔ አስታውስሃለሁ» አለች።

የንስሐ አባታችንም ሰሙ። በኤድስ ዘመን ጸበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሲጥሉ ያዩ ናቸው። ያኔ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ማወጃቸውን አስታወሱን። ወንድሜም ጥር 11 ማለዳ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በዚያ ብርድ ተጠመቀ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ወሰደ።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋርማሲ የሚሠራው የአጎታችን ልጅ ትራማዶል ያለ ማዘዣ የሚለምኑ ወጣቶች እንደሚመላለሱበት አጫወተን። ትራማዶልም ኦፒዮይድ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሊልክ የተጀመረ ነው። ከዚያ የሚወጡ ልጆች የኦፒዮይድ ሱስን እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ክትትል የሚፈልግ ሕመም አድርገው ቢያክሙት ምኞቴ ነው።

እኛ ሜሪላንድ ያለነው ደግሞ በኦፒዮይድ ብዛት የቆመ ትንፋሽ የሚመልሰው ናሎክሶን ቤታችን ይኑር። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ሰው ትንፋሹ ከዘገየ፣ ካንኮራፋና ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ መጀመሪያ 911 ይደወል፣ በአንዱ አፍንጫው ይረጭ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ይደገም። ቢነቃም ብቻውን አይተው፤ የናሎክሶኑ ኃይል ሲያልቅ ትንፋሹ ተመልሶ ሊቆም ይችላል። በመጪው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አጠቃቀሙን እናሳያለን። ወንድሜም ይኖራል፤ መጠየቅ የምትፈልጉትን እሱን ጠይቁት።