ከሴራሚኩ ጀርባ የዋለው ገንዘብ

እማዬ ከደሴ የመጣችው በጥር ነበር። 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ ሲሆን፣ ሻወር ያለው መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ነው። ስፋቱ አምስት ጫማ በስምንት ጫማ። ባኞው ጠርዙ ከፍ ያለ ነው። እኛ ለዓመታት ሳናስተውለው ስንሻገረው ኖረናል።

አንድ ጠዋት ከባኞው ስትወጣ ፎጣ መስቀያውን ተደግፋ ለመነሣት ሞከረች። መስቀያው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልወደቀችም፤ ሌላው እጇ ሲንኩን ያዘ። ሮጬ ስገባ ከግድግዳው የረገፈው ነጭ ዱቄት ነጠላዋ ላይ ተበትኗል። "ይቅርታ ልጄ፣ ዕቃችሁን ሰበርኩ" አለችኝ። ያቺ "ይቅርታ" እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ደብተር ይዘን ቁጭ አልን። ገጹ አናት ላይ "እማዬ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ እሷ የምትፈልገውን ዘረዘርን። ባኞው ይውጣ፣ ሳትሻገር የምትገባበት ሻወር ይሁን። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ቁጭ ብላ በጆግ ነው የታጠበችው። ስለዚህ መቀመጫና በእጅ የሚያዝ ሻወር ያስፈልጋታል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍታው 17 ኢንች ገደማ ይሁን፤ የድሮው 15 ስለነበር መነሣት ያቅታት ነበር። ሰው ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት የማይነቀል መደገፊያ ብረት ይግባ። ኢንተርኔት ላይ አይቼ የጎመጀሁለት ባለ እብነ በረድ ሲንክ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም። እሱን መተው ቀሎኛል፤ ከላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነዋ።

ገንዘቡን ያገኘነው ከእቁብ ነው። 12 ሰዎች በወር 1,000 ዶላር እንጥላለን። እጣው የወጣላት ልጅ ጉዳዬን ሰምታ ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ ውለታዋን አልረሳውም። በእጃችን ከነበረው 4,000 ጋር 16,000 ሞላ። ብድር ውስጥ ላለመግባት ቆርጠን ስለነበር ጣሪያችን ይኸው ነው አልን።

ቀጥሎ ሦስት ሰዎች መጥተው ዋጋ ሰጡን። የመጀመሪያው የአገራችን ልጅ ነው፣ በሰው በሰው የመጣ። ቡና አፍልቼ ጠበቅኩት። አሥር ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ አየና "በ8,000 ጨርሼ አስረክባችኋለሁ፤ ግማሹን አሁን በካሽ ስጡኝ" አለ። ውል የለም፣ የፈቃድ ቁጥር የለም። እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ሳልናገር አላልፍም። የአገር ልጅን "ፈቃድህን አሳየኝ" ማለት እንደ ስድብ ይመስለናል። አንዲት ጓደኛዬ በዚሁ ይሉኝታ 5,000 ዶላር ከፍላ፣ ግድግዳው ፈርሶ ሰውየው ስልክ ማንሣት አቆመ። የከፈለችበትን የምታሳይበት ወረቀት ስላልነበራት የትም መሄድ አልቻለች።

ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሠራ ኮንትራክተር ከግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። በምህጻሩ ኤም ኤች አይ ሲ ይሉታል። ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፋል፤ እናንተም ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ውል ሳይፈረም ምንም መቀበል አይችልም፤ ከተፈረመም በኋላ ቀብዱ ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን ካበላሸ ወይም ጥሎ ከሄደ ደግሞ ኮሚሽኑ ለተጎዱ የቤት ባለቤቶች የሚከፍልበት የዋስትና ፈንድ አለው። ፈቃድ የሌለው ሰው ዘንድ ግን ይህ ፈንድ አይሠራም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁጥሩን ጠይቁ። ቡናውንም አጠጡት፣ ቁጥሩንም ጠይቁት።

ሦስተኛው ሰው የሽንት ቤቱን መቀመጫ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ላዙረው ብሎ 19,500 አለ። ያማረ ሥዕል አሳየን። የፍሳሽ ቧንቧ ቦታ ማስቀየር ወለል ማስቆረጥ ነው፤ ገንዘቡም እዚያ ነው የሚያልቀው። ሁሉም ባለበት ይሁን አልን።

ሥራውን የሰጠነው ለሁለተኛው፣ ለኤልሳልቫዶሩ ሰውዬ ነው። 10,800 አለ። ዋጋው በየመስመሩ ተጽፏል፤ ማፍረስ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ከሴራሚኩ ሥር የሚገባ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ ውኃ መከላከያ፣ ፐርሚት (ለሥራው የሚወጣ ፈቃድ)። የቧንቧው ፐርሚት በእኛ አካባቢ ከውኃ ድርጅቱ ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ፣ የኤሌክትሪኩ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው የሚወጣው፤ ሁለቱንም እሱ አወጣ። 3,600 ቀብድ ከፈልን፤ የቀረው ሥራው በደረሰበት ልክ እንዲከፈል ውሉ ላይ ገባ። ሴራሚኩን፣ መቀመጫውን፣ ሲንኩንና ቧንቧዎቹን ራሳችን በ3,000 ገዛን። ማፍረሱ የተጀመረው ሁሉም ዕቃ ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ዕቃ ሲዘገይ ሠራተኛው ሌላ ቤት ይሄዳል፣ እናንተ ሻወር የሌለው ቤት ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

የቀረውን 2,200 "አይነካም" ብለን ለብቻ አስቀመጥን። ባለቤቴ በዚያ ብር የተሻለ ሴራሚክ እንግዛ ብሎ ለምኖኝ ነበር። እሺ አለማለቴ በጀ።

በሁለተኛው ቀን ባኞው ወጣ። ሰውዬው "ነይ እይ" ብሎ ጠራኝ። ተንበርክኮ ካቻቢቴውን ወለሉ ላይ ጫን አደረገው። ኮምፔልሳቶው እንደ ረጠበ ዳቦ ሆኖ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሆዴ ባባ። ለዓመታት በሴራሚኩ ስንጥቅ ሲንጠባጠብ የኖረ ውኃ ነው። እማዬ እዚያ ላይ ስትቆም ነበር። ወለሉን ለመቀየርና አንዱን ተሸካሚ እንጨት ለማጠንከር 950 ሆነ። አየር ማውጫው ፋን ደግሞ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ውስጥ ሲተፋ ኖሯል፤ እሱን ወደ ውጭ ለማውጣት 400። ሁለቱንም ተጨማሪ ሥራ በጽሑፍ ፈርመን ከ"አይነካም" ላይ ከፈልን። ቤታችሁ የቆየ ከሆነ ግድግዳው ሳይከፈት ማንም እቅጩን ሊነግራችሁ አይችልም። ያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ወይ ክሬዲት ካርድ፣ ወይ የበሰበሰ ወለል ላይ አዲስ ሴራሚክ።

ግድግዳው ክፍት እያለ መደገፊያ ብረቶቹ በሚያርፉበት ቦታ ሁሉ ወፍራም እንጨት በግድግዳው ቋሚ እንጨቶች መካከል አስገቡልን። ብረቱ እንጨት ካልያዘ የፎጣ መስቀያው ዕጣ ነው የሚደርሰው። እንጨቶቹ ያሉበትን ቦታ በሜትር ለክቼ፣ ፎቶ አንሥቼ አስቀምጫለሁ፤ ነገ ሌላ ብረት መጨመር ብንፈልግ እንጨቱ የት ነው ብለን አንቸገርም። ከዚያ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ በላዩ እንደ ቀለም የሚቀባ ውኃ መከላከያ ሁለት ጊዜ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የሻወሩን ፍሳሽ ደፍኖ ወለሉን ውኃ ሞላውና ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አደረገበት። በ24 ሰዓቱ መጥቶ አየ። ውኃው ከምልክቱ አልወረደም። የሻወሩን ወለል በትንንሽ ሴራሚክ አስለበስነው፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኛ ምድር ቤት ባለው ሽንት ቤት ተጠቀምን፤ ለሻወር ጂም ሄድን። እማዬን ዊተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ወሰደቻት። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችው። "ይህ ሁሉ ስንት ወጣበት?" አለችኝ። ነገርኳት። "በዚህ ብር ደሴ ላይ ቤት ይቆምበታል!" አለችና ፊቷን አዞረች። ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ማታ ፎጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። እንደ ልማዴ ልደግፋት ተከትዬ ገባሁ። ብረቱን በቀኝ እጇ ጨበጠች፤ ወዘወዘችው፣ አልነቃነቅ አላት። ቀስ ብላ ገባችና መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ሻወሩን ከማንጠልጠያው አውርዳ እጇ ላይ ለካችው።

"በይ ውጪ" አለችኝ፣ "በሩንም ዝጊው።"