«ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎት ነው?»

ዛሬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ገቡ። ጉዳያቸው የቤት ኪራይ ነው፤ ታሪኩን ግን ከሠርጋቸው ጀመሩት። ጸሐፊው ልጅ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎት ነው የሚፈልጉት?»

«ኪራዬን ይክፈለኝ፣ ቤቴንም ይልቀቅልኝ።»

መጀመሪያ የጻፈው ይህችን ነው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ለዚህ የሚያስፈልገውን ብቻ ሞላ። ሠርጉ ቀረ። ከማተሙ በፊት ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «በተደጋጋሚ ቢጠየቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ «ሦስቴ ነው እኮ የጠየቅሁት ልጄ፤ በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር» አሉት። «በተደጋጋሚ»ን አጠፋና ወሮቹን አስገባ። ቁጭ ብዬ አደነቅሁት።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም አቤቱታ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ እንዲይዝ ይጠይቃል። ለማስታወቂያና ለድርጅት ፕሮፋይልም ያው ነው።

በግላችሁ እየጻፋችሁ የምትኖሩ ጓደኞቼ፣ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ደንበኛችሁን ሳትጠይቁ መጻፍ አትጀምሩ። ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት። «በርካታ»፣ «ከፍተኛ» ያላችሁበት ሁሉ ላይ አስምሩና ቁጥሩን ጠይቁ። ደንበኛው ብዙ ጊዜ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ስለሌለ ነው ያልተናገረው።

ገና የጀመራችሁ አይዟችሁ። የመጀመሪያ ረቂቅ ቢንዛዛ አይግረማችሁ፤ የሁላችንም እንደዛ ነው። ዛሬ ማታ አንድ የቆየ ጽሑፋችሁን አውጡና በዚህ መንገድ እንደገና ጻፉት።