ፓርክራን በእንግድነት፦ ነገሩ ሁሉ ካርዱ ላይ ነው

ብሪታንያ ውስጥ ከሰፈሬ ውጭ የሮጥኩባቸው ፓርክራኖች 20 ሞሉ። ደስ ብሎኛል፤ ቅዳሜያችሁን በሰው ከተማ ለምትሮጡ የያዝኩትን ላካፍል። ለማያውቀው፣ ፓርክራን ማለት በየሳምንቱ ቅዳሜ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የ5 ኪሎ ሜትር ነፃ ሩጫ ነው። በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሯጮች ሆነው ነው የተጀመረው። አንዴ ስትመዘገቡ የሚሰጣችሁ የግል ባርኮድ ሌላ ከተማም ሌላ አገርም ይሠራል።

ሰዓቱን አትሳቱ። እንግሊዝ 9:00፣ ስኮትላንድ 9:30፣ ደቡብ አፍሪካ 8:00 ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ከሆነ 9:00 ማለት የጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን አስረዱት። አርብ ማታ፣ ደግሞም ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የቦታውን ገጽ ተመልከቱ፤ መንገዱ በረዶ ከጋገረ ወይም መናፈሻው ሌላ ዝግጅት ካለበት ይሰረዛል። ካርታ ላይ የመናፈሻውን ስም ሳይሆን የመነሻውን ነጥብ ፈልጉ። ትልቅ መናፈሻ ከሆነ የተሳሳተ በር ማለት የ20 ደቂቃ እግር መንገድ ነው።

አሁን ባርኮዱ ወደሚታተምበት ካርድ። "ባርኮዱ ስልኬ ላይ አለ" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ስልክም ይፈቀዳል። እኔ ግን ለእንግዳ አልመክርም። በዝናብ እርጥብ ጣት ስክሪኑን አይከፍትም፣ ብርሃኑ ዝቅ ካለ ወይም መስታወቱ ከተሰነጠቀ ስካን አይነሳም፣ በብርድ ባትሪ ይወድቃል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ታትሞ የሚወጣው ካርድ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ አለ። ሰፈራችሁ ብትወድቁ የሚያውቃችሁ አይጠፋም፤ በሰው አገር ግን ማንነታችሁን የሚናገርላችሁ ያ ካርድ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ግን ያበላሸዋል። ስታትሙ መጠኑን 100 በመቶ አድርጉ። "ከገጹ ጋር አስተካክል" የሚለውን ከመረጣችሁ የባርኮዱ መስመሮች ሊጠጋጉና ስካነሩ ላያነባቸው ይችላል። በሌዘር ማተሚያ ይሁን፤ የሌላው ቀለም ላብ ሲነካው ይፈስሳል። ከዚያ ላሚኔት አድርጉት፣ ማለትም በፕላስቲክ አሽጉት። የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ካገኙ ይሻላል፣ አብረቅራቂው ፀሐይ ሲያርፍበት ስካን ያስቸግራል። ስትቆርጡት በወረቀቱ ዙሪያ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ፕላስቲክ ተዉ፤ ጠርዙ ወረቀቱ ላይ ከደረሰ ውሃ በዚያው ይገባል። ለክር የምትበሱትም ፕላስቲኩን እንጂ ወረቀቱን አይሁን። ሁለት ሥሩ፦ አንዱ ከሩጫ ሱሪ ኪስ፣ አንዱ ከጉዞ ቦርሳ የማይወጣ። (የእኔው አንዱ በኩሽና መቀስ ተቆርጦ ጠርዙ ባርኮዱን ሊበላ ትንሽ ቀርቶታል። እስካሁን አልቀየርኩትም።)

ካርዱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚገባችሁ መጨረሻው ላይ ነው። ሰዓት የሚይዝ ቺፕ እግራችሁ ላይ አይታሰርም፣ የደረት ቁጥርም የለም። አንድ በጎ ፈቃደኛ መስመሩን ያለፈ ሰው ሁሉ ላይ ሰዓት ይጫናል፤ ሌላው በገመድ በታጠረው መተላለፊያ ጫፍ ቆሞ የደረጃ ቁጥር ያለባት ትንሽ ፕላስቲክ ይሰጣል፤ ሦስተኛው የእናንተን ባርኮድና ያችን ፕላስቲክ ስካን ያደርጋል። ሦስቱ በኋላ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ መስመሩን አልፎ ፕላስቲኩን ሳይወስድ ከገመዱ ሾልኮ የወጣ አንድ ሰው ከኋላው ያሉትን ሁሉ ሰዓት ያዛባል። ሮጦ ሳይሆን ጓደኛውን ለማድነቅ ብሎ አብሮ መስመሩን የሚረግጥም እንዲሁ። መተላለፊያው ውስጥ አትቀዳደሙ፣ ፎቶ ለመነሣት አትቁሙ። ባርኮድ ከሌላችሁ ቦታችሁ "ያልታወቀ" ተብሎ ይወጣል፤ መለመን ዋጋ የለውም።

ስለ ሰዓት ማሻሻል ብዙ አልልም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ለሁሉም እኩል ከመነሻው ትእዛዝ ጀምሮ ነውና ኋላ መቆም ያስከፍላል፤ ቢሆንም በማታውቁት ጠባብ መንገድ ፊት ቆሞ ሰው መዝጋት ነውር ነው። ኤዲንብራ ክራመንድ ያለው ፓርክራን ዳገት የሌለው ሜዳ ነው፣ ፈተናው የባሕሩ ነፋስ ነው። ከምብሪያ ያለው ዊንላተር ደግሞ የጫካ ዳገት ነው፤ እዚያ የሰፈር ሰዓታችሁን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ከመነሻው 10 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ የሚሰጠውን የእንግዶች ገለጻ ስሙ፤ ዙሩ ስንት እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ነው።

የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት አለ፦ ሲመዘገብ የልደት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃችኋል፤ የዕድሜ ምድባችሁ ይሳሳታል፤ ከ40 በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሰዓታችሁን ለዕድሜያችሁ ከተመዘገበው ምርጥ ሰዓት ጋር የሚያነጻጽረው መቶኛ ያለ ልፋት ከፍ ይላል። ጥሩ ስሜት እንዳለው አልክድም። ግን አስተካክሉት።

የደረጃ ቁጥር ያለባትን ፕላስቲክ ስካን ካደረጋችሁ በኋላ መልሱ፤ ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ የእንግዳ ልማድ ሆኗል። ከቁጥሮቹ አንዱ ከጎደለ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ መተካት የሚጠበቅባቸው እነዚያው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።