የጥንት የፈረንሳይ ውሎችን መሰብሰብ እንዴት እንደ ጀመርሁና በሂደቱ የተማርሁት

ሊዮን ከተማ መኖር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ በሶን ወንዝ ዳር አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጡበት በኬ ደ ላ ፔሽሪ ስዘዋወር፣ በካርቶን ውስጥ የተከመሩ የእጅ ጽሑፎች ዐይኔን ሳቡት። ካነሣኋቸው አንዱ የወይን ቦታ የተሸጠበት ዋጋ ተጠናቅቆ መከፈሉን የሚያረጋግጥ፣ በቡናማ ቀለም የተጻፈ ባለ አራት ገጽ ሰነድ ነበር። መቼ እንደ ተጻፈ ብጠይቅ ነጋዴው የአብዮቱ ዘመን መሆኑን እንጂ ቀኑን እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም በፊደል የሰፈረውን ቀን ቀስ ብዬ ሳነብበው «የዘጠነኛው ዓመት ሦስተኛ ተጨማሪ ቀን» ይላል።

የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 ያወጁት የዘመን አቆጣጠር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ዓመቱን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ባላቸው ዐሥራ ሁለት ወራት ከፍሎ፣ የተረፉትን አምስት ወይም ስድስት ቀናት በመጨረሻው ላይ ለብቻቸው የሚቆጥር ነበር። ጳጉሜን እየቆጠረ ላደገ ሰው ይህ ምን ያስቸግራል? ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ቀኑ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1801 ሆኖ ተገኘ። ሰነዱን የገዛሁት በ12 ዩሮ ነበር፤ መሰብሰብ የጀመርሁትም በእርሱ ነው።

ወዲያው የተረዳሁት ነገር፣ ማንበብ የማልችለውን ሰነድ መግዛት ለእኔ ትርጉም እንደሌለው ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ወረቀቶች የሚገዛው ለግድግዳ ጌጥ ነው፤ ብራናውን ለመብራት መሸፈኛ የሚቆርጡም አሉ። እኔ ግን በውስጡ የሚናገረውን ሰው መስማት ፈለግሁ። ስለዚህ ለስድስት ወር ያህል አንድም አዲስ ነገር ሳልገዛ፣ በእጄ የነበሩትን ሦስት ሰነዶች ብቻ ደጋግሜ ገለበጥሁ። ዘዴዬ ቀላል ነበር። እነዚህን ውሎች የሚያዘጋጀው ኖቴር፣ በእኛ አገር ውልና ማስረጃ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ በመንግሥት ሹመት የሚያከናውን ባለሙያ ሲሆን፣ ውሉን ሁልጊዜ በተለመደ ቃል ይከፍታል፤ በንጉሡ ዘመን «በንጉሡ ኖቴር ፊት» የሚል ሐረግ ከመጀመሪያው መስመር አይጠፋም። ምን እንደሚል አስቀድሜ ከማውቀው ከዚህ ሐረግ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየለቀምሁ በደብተር ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ከዚያም ሰንጠረዡን ይዤ ወደማላውቃቸው መስመሮች ገባሁ። ጸሐፊው ቃላትን ያሳጥራል፤ በመካከል የሚገባውን «ስ» ረጅም አድርጎ ስለሚጽፈው ከ«ፍ» ጋር ይምታታል፤ ነጠላ ሰረዝና ነጥብም እምብዛም አይጠቀምም። ከሁሉም የሚከብደው የሰውና የመንደር ስም ነው፤ ስምን ከዐውዱ መገመት አይቻልምና። ለጀማሪ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመር ይሻላል እላለሁ። ከ1539 የቪሌ ኮትሬ አዋጅ በኋላ የፍርድና የውል ጽሑፍ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ተዛውሯል፤ ነገር ግን የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዘመን ፈጣን የጸሐፊ እጅ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቀውን ሰው እንኳ ያንበረክካል።

በዚህ ጊዜ የሠራሁት ስሕተት አሁንም ትዝ ይለኛል። አንድ የጋብቻ ውል ቀኑ ላይ 7 ቁጥር ተጽፎ «ብር» የሚል ጭራ ተከትሎታል። ሰባተኛው ወር ነው ብዬ ጁላይ 1761 ብዬ መዘገብሁት። ነገሩ ግን ሴፕቴምበር ነበር፤ ሴፕቴም በላቲን ሰባት ማለት ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ስሙን በቁጥር ያሳጥሩታል። 8፣ 9 እና 10ም እንዲሁ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ናቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መዝገቤን በሙሉ እንደገና መፈተሽ ግድ ሆነብኝ።

ያ የጋብቻ ውል እስካሁን ከሁሉ የምወደው ነው። ሙሽራው የሐር ሸማኔ፣ ሙሽራዪቱ የአትክልተኛ ልጅ ናት። ለትዳሩ ይዛ የመጣችው 300 ሊቭር ጥሬ ገንዘብ (አንድ ሊቭር 20 ሶል፣ አንድ ሶል 12 ደኒየ ነበር)፣ ከለውዝ እንጨት የተሠራ ቁም ሣጥን፣ ዐሥራ ሁለት የአልጋ አንሶላና «በገዛ ድካሟ ያፈራችው» ልብስ ነው። በመጨረሻ ሙሽራው እንደ ፈረመ ይናገርና፣ ሙሽራዪቱ ግን «ተጠይቃ መፈረም አለማወቋን ገልጻለች» ይላል። ይህ በሺዎች ውሎች ላይ የሚደጋገም የተለመደ ሐረግ ነው፤ ነገር ግን «በገዛ ድካሟ» ከሚለው ቃል ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ሳገኘው፣ ያቺ ሴት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማ የታየችኝ ያህል ሆነብኝ።

ከጽሑፉ ሌላ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። ቴምብር የሚለውን ቃል አማርኛ ከፈረንሳይኛ እንደ ወሰደ ይታወቃል፤ ሉዊ 14ኛ ከ1670ዎቹ ጀምሮ ውል ሁሉ ማኅተም በተመታበት ወረቀት ወይም ብራና ላይ እንዲጻፍ በማድረጉ፣ በገጹ ራስጌ ላይ የግብር ክልሉን ስምና የወረቀቱን ዋጋ የያዘ ማኅተም ይገኛል። የሊዮን ክልል ማኅተም ያለበትን ሰነድ የፓሪስ ነው ብሎ የሚሸጥልህ ነጋዴ ሳያነብብ እንደሚሸጥ በዚህ ታውቃለህ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በውስጡ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ማየትም ይጠቅማል። ሆኖም 1742 የሚል ቁጥር ካየህ አትቸኩል፤ በዚያን ጊዜ በወጣ ደንብ ምክንያት ወረቀት ሠሪዎች ይህን ዓመት በወረቀት ማውጫ ቅርጻቸው ላይ አስገብተው፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሳይለውጡ ተጠቅመውበታል።

ስለ አያያዝ የተማርሁት በጥፋት ነው። የተጠቀለለ ብራና አግኝቼ ለማቃናት ቸኮልሁና፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ተኮስሁት። የራሰ ቆዳ ሙቀት ሲነካው ምን እንደሚሆን ከብራና አገር የመጣ ሰው ማወቅ ነበረበት። የግርጌው ጥግ በዐይኔ ፊት ተኮማትሮ እንደ ቀንድ ደረቀ፤ በዚያ ጥግ የነበረው የኖቴሩ ፊርማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብራና የማቃናው እርጥበት ባለው አየር ውስጥ በማቆየትና ቀላል ክብደት በመጫን፣ ቀናት ወስጄ ነው። ቀለሙም ጥንቃቄ ይሻል። የእኛ ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለሆነ ብራናውን አይበላም፤ የፈረንሳዩ ግን በወርካ መሰል የኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭና ከብረት ጨው የሚሠራ በመሆኑ፣ እርጥበት ሲያገኝ ወረቀቱን እየበላ ፊደሉን በቀዳዳ ይተካዋል። ስለዚህ ሰነዶቼን አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቀው በጠፍጣፋ ሣጥን አስቀምጣለሁ፤ የሙጫ ፕላስተር ፈጽሞ አላስነካቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ኖቴሩ ዋናውን ጽሑፍ ራሱ ዘንድ ያስቀራል፤ ይህ ሚኑት ይባላል። ለተዋዋዮቹ የሚሰጠው ግልባጭ ነው። ሚኑት የሕዝብ መዝገብ በመሆኑ 75 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤተ መዛግብት መግባት አለበት፤ በሕግ አይሸጥም፣ ምንም ያህል ዘመን ቢያልፍም መንግሥት ሊያስመልሰው ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንድ የገጠር ገበያ የ1738 የውርስ ክፍፍል ገዛሁ። ስምንት የተለያዩ ፊርማዎች ስለ ነበሩበት እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ያረፈበት ነገር ራሱ ግን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በግልባጭ ላይ የሚፈርመው ኖቴሩ ብቻ ነውና። (እንደ ውክልና ያሉ አንዳንድ ሰነዶች ዋናቸው ለባለጉዳዩ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ፊርማ ያለበት ሁሉ ሚኑት አይደለም።) ጥርጣሬዬን ይዤ ወደ አውራጃው ቤተ መዛግብት ሄድሁ። ባለሙያዋ የዚያን ኖቴር የ1738 ጥራዝ አወጣች፤ ቅጠሎቹ በጠርዛቸው ቁጥር አላቸው፤ ከ213 ቀጥሎ 216 ይመጣል። በእኔ ወረቀት ጥግ ላይ 214 ተጽፏል። እዚያው ትቼው ወጣሁ፤ የከፈልሁትን 60 ዩሮ አልጠየቅሁም፤ ወረቀቱም ወደ ቦታው ሲመለስ ማየቴን እንደ ኪሳራ ቆጥሬው አላውቅም።

አሁን የምገዛው ነጠላ ወረቀት ሳይሆን ጥቅል ነው። ነጋዴዎች የአንድን ቤተሰብ ሰነዶች ያሰረውን ክር በጥሰው በየአንዳንዱ ሲሸጡ፣ ቤተሰቡ ለሁለት መቶ ዓመት የጠበቀው ታሪክ በአንድ ጠዋት ይበተናል። በእጄ ያለው ትልቁ ጥቅል በቦዦሌ የሚገኝ የአንድ የወይን ቦታ ሰነድ ሲሆን፣ ከ1683 እስከ 1812 የተጻፉ ዐሥራ አንድ ውሎች አሉት፤ በጀርባቸው ላይ ወራሾቹ ተራ ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። 5 እና 6 ቁጥር የሉም። ቦታው በ1724 የአንዲት መበለት ነበር፤ በ1749 ደግሞ ከእርሷ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ያከራየዋል። እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር ስወርድ ካርቶኖቹን የምገለብጠው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እየፈለግሁ ነው።